ያልተሰማ ቅንፍ፦ የድግግሞሽ መዝጊያዎች በኖታ ሶፍትዌር ለምን በትክክል መጫወት አለባቸው?

በመስመር ኖታ የሚጻፍ ሙዚቃ ወረቀት ይቆጥባል። አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ የሚዜም ከሆነ ሁለት ጊዜ አይጻፍም፤ በመነሻውና በመጨረሻው ነጠብጣብ ያላቸው የድግግሞሽ መስመሮች ይሰመሩለታል። ሁለቱ ዙሮች በአጨራረሳቸው ብቻ የሚለያዩ ሲሆን ደግሞ ከባሮቹ በላይ «1» እና «2» የሚል ቁጥር የያዙ ቅንፎች ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ዙር አንደኛውን መዝጊያ ተጫውቶ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ በሁለተኛው ዙር አንደኛውን ዘሎ ወደ ሁለተኛው መዝጊያ ይሻገራል። ማንኛውም ጀማሪ የኖታ ተማሪ ይህን ደንብ በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ምልክት በኮምፒውተር ሲጻፍ በወረቀት ላይ ያለ እንከን እየታየ ሲጫወት የሚሳሳትበት ጊዜ ብዙ ነው። ጉዳዩ በአብዛኛው የጥቃቅን ቴክኒክ ችግር ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው በተቃራኒው ነው፦ የመዝጊያ ቅንፍ ስለ ሙዚቃው ቅርጽ የሚነገር አባባል ነው፤ በትክክል የማይጫወት ፋይልም ያልተፈተነ አባባል የያዘ ሰነድ ነው።

የመዝጊያ ቅንፍ መሳት ኮምፒውተር ያመጣው ነገር አይደለም። የሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ በታኅሣሥ ወር 1808 እ.ኤ.አ. በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ የመሣሪያዎቹ ክፍሎች በተከታዩ ዓመት በላይፕሲግ በሚገኘው የብራይትኮፕፍ ኡንድ ሄርተል ማተሚያ ቤት ታተሙ። አቀናባሪው በሦስተኛው የሲምፎኒው ክፍል ውስጥ ረጅም ድግግሞሽ አስቦ ስለ ነበር ለመመለሻው አንድ መዝጊያ፣ ለመሻገሪያው ሌላ መዝጊያ ጽፏል። ድግግሞሹ ከኅትመቱ ሲቀር ሁለቱ የመመለሻ ባሮች አብረው መቅረት ነበረባቸው፤ ግን አልቀሩም። ከሁለተኛው መዝጊያ ጋር ተከታትለው ታተሙ። ቤትሆቨን በነሐሴ 1810 ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ ሁለት ባሮች በትርፍነት እንደ ገቡ አመልክቶ ነበር። እርምቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ሰሚ አላገኘም፤ ደብዳቤው ለሕዝብ ቀርቦ ጉዳዩ ክርክር ያስነሣው በ1846 ነው። ድግግሞሹ ራሱ መቅረት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ጥያቄ ዛሬም የሙዚቃ ሊቃውንትን ያከራክራል። ትርፎቹን ሁለት ባሮች በተመለከተ ግን ክርክሩ ተዘግቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር የስህተቱ ዓይነት ነው። አንዲት ኖታ አልተዛባችም፤ እያንዳንዱ ባር በራሱ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ቅደም ተከተል ደግሞ በዓይን ገጽ ላይ ሲያልፉ የማይታይ፣ ሲሰማ ብቻ የሚገለጥ ነገር ነው። ሲሰማም ቢሆን ሥራውን አስቀድሞ የሚያውቅ ጆሮ ከሌለ ስህተቱ የድርሰቱ ልዩ ባሕርይ መስሎ ይታለፋል፤ የቤትሆቨን ሁለት ትርፍ ባሮችም ለዓመታት የኖሩት እንዲህ ተመስለው ነው።

ዛሬ የኖታ ሶፍትዌር ይህን አደጋ የሚያባዛው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሥዕሉንና ትእዛዙን ለያይቶ የሚይዝበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሚዩዝስኮር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ከቅንፉ በላይ የሚታየው ጽሑፍ አንድ ነገር ነው፤ ቅንፉ በየትኛው ዙር እንደሚጫወት የሚወስነው የዙሮች ዝርዝር ደግሞ ሌላ ነው። ጸሐፊው የሚታየውን «1» ወደ «1፣ 2» ቢለውጥ ዝርዝሩ አብሮ አይለወጥም። የመመለሻው ባር ስንት ጊዜ እንደሚጫወት የሚገልጸው ቁጥር በሦስተኛ ቦታ፣ ማለትም በባሩ ንብረቶች ውስጥ ይገኛል፤ ካልነኩት ሁለት ነው። ፊናሌ በተባለው ሶፍትዌርም የመዝጊያው ጽሑፍና የመጫወት ትእዛዙ ለየብቻ የሚሞሉ ነበሩ። ሊሊፖንድ ደግሞ ድግግሞሹን በገጹ ላይ በሚገባ ያትማል፤ በሚዲ ፋይል እንዲሰማ ግን ድግግሞሾቹን የሚዘረጋ የተለየ ትእዛዝ መጨመር ያስፈልጋል። ከሁሉም የከፋው ጸሐፊው የመዝጊያ ምልክቱን ትቶ ተራ መስመር ስቦ፣ ጫፉን አጥፎ፣ «1» ብሎ የጻፈበት ጊዜ ነው። በታተመው ገጽ ላይ ሁለቱን የሚለይ ዓይን የለም፤ ለሶፍትዌሩ ግን ያ መስመር ጌጥ እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ሦስት ጊዜ የሚዞር ዘፈን ችግሩን በግልጽ ያሳያል። የጋራው ክፍል 6 ባር፣ «1፣ 2» የተባለው መዝጊያ 2 ባር፣ «3» የተባለው መዝጊያም 2 ባር ይሁን። መሰማት የሚገባው 24 ባር ነው። የመመለሻው ቁጥር ሳይነካ በሁለት ከቀረ ግን ሦስተኛው ዙር ፈጽሞ አይነሣም፤ ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን መዝጊያ እንደሚያስተናግደው ሁኔታ 16 ወይም 18 ባር ብቻ ይሰማል። ገጹን የሚያይ ፈታኝ መምህር ምንም ጉድለት አያገኝበትም።

ከዚህ የረቀቀው ደግሞ ዜማው ከባሩ ቀድሞ በሚነሣ ምት ሲጀምር የሚፈጠረው ነው። ባለ አራት ምት በሆነ ሙዚቃ አንድ ምት ቀድሞ የሚነሣ ዜማ በድግግሞሹ ውስጥ ካለ አንደኛው መዝጊያ ሦስት ምት ብቻ ሊይዝ ይገባዋል፤ አራተኛው በመመለሻው በኩል ይሟላልና። ጸሐፊው የባሩን ትክክለኛ ርዝመት ካላሳጠረና በቦታው ዕረፍት ካስገባ፣ ከዙር ወደ ዙር ሲታለፍ አንድ ምት ያህል ዝምታ ይፈጠራል። ይህ ስህተት የባሮቹን ቁጥር ስለማይለውጥ በቆጠራ አይያዝም። በጆሮ ግን ያነክሳል። ወደ መጀመሪያው ወይም ወደ ምልክቱ ተመለስ የሚሉ ትእዛዞች ሲጨመሩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ከዝላዩ በኋላ ድግግሞሾቹ እንደገና ይጫወታሉ ወይስ በቀጥታ ወደ መጨረሻው መዝጊያ ይታለፋል? የተለመደው ደንብ ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም ሁሉም ሥራ ደንቡን አይከተልም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በጸሐፊው ምትክ የገመተውን መቀበል ሳይሆን ጸሐፊው ራሱ ወስኖ ማስቀመጥ አለበት።

አሁን ጉዳዩ ለምን የምርምር ጉዳይ እንደ ሆነ በአንድ ቀላል ስሌት መመልከት ይቻላል። ከባር 1 እስከ 14 የጋራ ክፍል ያለው፣ 15 እና 16 አንደኛ መዝጊያ፣ 17 እና 18 ሁለተኛ መዝጊያ የሆኑበት ዜማ ይወሰድ። የተጻፈው 18 ባር ነው፤ የሚሰማው 32 ባር። ድግግሞሹን የማያውቅ ፕሮግራም 18 ብቻ ያነብባል። ድግግሞሹን አውቆ ቅንፎቹን የማያውቅ ደግሞ በሁለተኛው ዙርም አንደኛውን መዝጊያ ይጫወትና ሁለተኛውን ይቀጥልበታል፤ ውጤቱ 34 ባር ይሆናል። ትርፉ እንደ ቤትሆቨኑ ሁሉ ሁለት ባር ነው፤ የተፈጠረበትም መንገድ ያው፣ ሁለት አማራጭ መዝጊያዎች ተከታትለው መሰማታቸው ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በኮምፒውተር በሚደረግ የዜማ ትንተና ውስጥ ክብደት አላቸው። በተጻፈው 18 ባር ውስጥ መዝጊያዎቹ 4 ባር፣ ማለትም ከጠቅላላው 22 በመቶ ያህል ናቸው። በሚሰማው 32 ባር ውስጥ ግን ያው 4 ባር 12.5 በመቶ ብቻ ነው። መዝጊያ ደግሞ ዜማው የሚያርፍበት፣ መቋጫ ድምፁ የሚጸናበት ቦታ ነው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠሩ ዜማዎችን ሰብስቦ እያንዳንዱ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሚከሰት የሚቆጥር ተመራማሪ፣ ድግግሞሾቹ ባልተዘረጉ ፋይሎች ላይ ቢሠራ የማረፊያውን ድምፅ ከሚገባው በላይ አጉልቶ ያገኘዋል። ግማሾቹ ፋይሎች በትክክል ተዘርግተው ግማሾቹ ካልተዘረጉማ ሁኔታው ይብሳል፤ በሁለት ዜማዎች መካከል የታየው ልዩነት የቅኝት ልዩነት ይሁን የፋይል አዘጋጆች ልማድ ልዩነት መለየት አይቻልም። ሠንጠረዡ የተስተካከለ ይመስላል፤ የመተማመኛ ደረጃውም ይሰላል፤ የተለካው ግን ሙዚቃው አይደለም።

በሌላ በኩል፣ በቃል የሚተላለፍ ዘፈን ወደ ኖታ ሲገለበጥ የመዝጊያ ቅንፉ ከስሌትም በላይ የሆነ ኃላፊነት ይሸከማል። ቅንፍ የሚያስቀምጥ ገልባጭ «እነዚህ ሁለት ዙሮች ከመጨረሻቸው በቀር አንድ ናቸው» እያለ ነው። ይህ ትልቅ አባባል ነው። የአዝማሪ ዘፈን አዝማች በየስንኙ መካከል ይመለሳል፤ ነገር ግን ማሲንቆው በየመመለሻው ያንኑ ጌጥ ይደግማል ማለት አይደለም፤ ዘፋኙም ስንኙ ሲረዝም ዜማውን ያስረዝማል፣ ሲያጥር ይሰበስባል። ገልባጩ ሁለት ዙር ሰምቶ ሦስተኛውንና አራተኛውን «እንደዚያው» ብሎ በድግግሞሽ ምልክት ካጠፈ፣ አጣጥፎ ያስቀመጠው ማስረጃውን ሊሆን ይችላል። ፋይሉ በትክክል ሲጫወት ከቅጂው ጎን ለጎን ሊደመጥ ይችላል፤ በየትኛው ዙር ላይ ከዘፋኙ እንደ ተለየም ወዲያውኑ ይታወቃል። በትክክል የማይጫወት ፋይል ይህን ፈተና የሚወስድበት መንገድ የለውም።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ ሁሉንም ዙር ዘርግቶ መጻፍ አይሻልም ወይ የሚል። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይሻላል። እያንዳንዱ ዙር የተለየ በሆነበት የቃል ዘፈን ዘርግቶ መጻፍ ይበልጥ ታማኝ ነው፤ ተመራማሪው ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ ልዩነትን የሚያጠፋበት ምክንያት የለም። ዙሮቹ በእርግጥ አንድ በሆኑበት ግን መዘርጋት ቅርጹን ይደብቃል። አንባቢው ባር 3 እና ባር 19 አንድ መሆናቸውን ራሱ አመሳክሮ እንዲያገኝ ይገደዳል፤ እርምት ሲመጣም አንዱ ታርሞ ሌላው ሊቀር ይችላል። ምርጫው በሙዚቃው ባሕርይ እንጂ በሶፍትዌሩ አስቸጋሪነት ሊወሰን አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሙዚቀኞች የሚመጣ ሲሆን የበለጠ ሥር አለው። ኖታ ለሰው የሚጻፍ ነው፤ የማሽኑ ድምፅ ደረቅ ነው፤ ጆሮንም ያበላሻል ይላሉ። ስለ ድምፁ ድርቀት ትክክል ናቸው። ምልክት ሁሉ የሠለጠነ አንባቢን ታሳቢ እንደሚያደርግም ማስታወሳቸው ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክቶች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው፤ ድፋቱ፣ ሂደቱ፣ ቅናቱና ይዘቱ፣ ከቃላት የተቀነጨቡት ፊደላትም ጭምር፣ ከመሪጌታ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ዜማውን በቃሉ ለያዘ ደቀ መዝሙር የሚናገሩ እንጂ ለእንግዳ ዓይን የሚተርኩ አይደሉም። እዚያ ምልክቱን የሚያሟላው ትምህርት ቤቱ ነው። የኖታ ፋይል ግን ከጸሐፊው ጋር የሚሄድ መሪጌታ የለውም። ከሃያ ዓመት በኋላ ከማኅደር የሚያወጣው ሰው ጸሐፊውን ላያውቀው፣ ዘፈኑንም ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው ፋይሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መጫወቻው የሚፈለገው ለውበት ሳይሆን ለምርመራ ነው፤ ቁጥርን ደምሮ በመቀነስ እንደ ማረጋገጥ ያለ ሥራ።

የማኅደሩ ነገር ከተነሣ፣ ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ፊናሌ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ ባለቤቱ ኩባንያ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. እድገቱን ማቆሙን አስታውቋል። በእሱ የተጻፉ ፋይሎች ወደ ሌላ ሶፍትዌር የሚሻገሩት በአብዛኛው ሚዩዚክኤክስኤምኤል በተባለው የመለዋወጫ ቅርጽ ነው። ይህ ቅርጽ በ2004 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እትሙ የወጣ፣ የጋራ መግባቢያ ለመሆን የበቃ ጠቃሚ ሥራ ነው። መዝጊያዎችን ይዞ ያሻግራል፤ የመዝጊያውን ቁጥር፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን የባር መስመር፣ የመመለሻውንም ብዛት የሚመዘግብበት ቦታ አለው። ሆኖም የሚያሻግረው የተሰጠውን ነው። በመነሻው ፋይል ውስጥ ቅንፉ ተራ መስመር ከነበረ ሲሻገርም ተራ መስመር ነው፤ ቁጥሩ ጽሑፍ ብቻ ከነበረም ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። የሚዲ ፋይልን እንደ መጠባበቂያ መያዝም አይበቃም። ሚዲ ድምፆችን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚመዘግብ በመሆኑ ድግግሞሹ ተዘርግቶ ይቀመጥበታል፤ የት ተጀምሮ የት እንደ ተመለሰ የሚናገር ምልክት አይተርፍም። ጸሐፊው በሕይወት ሳለ፣ አሮጌው ሶፍትዌርም በአንድ ኮምፒውተር ላይ መከፈት እስከ ቻለ ድረስ ፋይሉን አጫውቶ ማረም የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እርምት መሆኑ ቀርቶ ግምት ይሆናል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ለሙዚቃ ሰነዶች የተዘጋጀው ኤምኢአይ የተባለው ቅርጽ ክፍሎቹ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጫወቱ የሚዘረዝር ራሱን የቻለ መስክ አለው፤ ቅርጹና ቅደም ተከተሉ እንዲህ በግልጽ ከተመዘገቡ አንባቢው ከቅንፍ ላይ መገመት አይጠበቅበትም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ሚዩዚክ 21 የተባለው የትንተና መሣሪያም ድግግሞሾችን ሊዘረጋ ሲሞክር ምልክቶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ሥራውን አቁሞ ስህተት መኖሩን ይናገራል። ይህ ዝም ብሎ ከመገመት እጅግ የተሻለ ጠባይ ነው። ዶሪኮ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ አንደኛውንና ሁለተኛውን መዝጊያ እንደ አንድ ነገር ስለሚይዛቸው ሥዕሉና ትእዛዙ እንደ ልብ ሊለያዩ አይችሉም። ሌሎቹም ወደዚህ ሊመጡ ይገባል። የሚታየው ቁጥር ከሚጫወተው ዙር ጋር ሳይስማማ ሲቀር ሶፍትዌሩ ቢያንስ ማስጠንቀቅ ይኖርበታል፤ የፊደል ስህተትን በቀይ የሚያሰምር የጽሕፈት ፕሮግራም ባለበት ዘመን ይህ የበዛ ጥያቄ አይደለም።

ከሶፍትዌር ሠሪዎች በፊት ግን የምርምር ተቋማት ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። ኖታ ያለበት የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጽሑፍ ሲቀርብ የታተመው ገጽ ብቻ በአባሪነት እንዲያያዝ መጠየቅ አይበቃም። ሊታረም የሚችለው ፋይል፣ የመለዋወጫ ቅጂውና ከፋይሉ የተጫወተው ድምፅ አብረው ሊገቡ ይገባል። ከእያንዳንዱ ዜማ በታች ደግሞ የማንኛውም ሶፍትዌር ጥገኛ ያልሆነች አንዲት መስመር ትጻፍ፦ ከላይ ለተጠቀሰው ምሳሌ «1–14፣ 15–16፣ 1–14፣ 17–18» የምትል። ይህችን መስመር ለመጻፍ ተማሪው ዙሮቹን መቁጠር ግድ ይለዋል፤ ፈታኙም ድምፁን ከፍቶ በጣቱ ሊከታተላት ይችላል። መስመሯና ድምፁ ካልተስማሙ ስህተቱ ከአንዳቸው ዘንድ ነው፤ ከየትኛቸው እንደ ሆነ መጠየቅ ያለበትም ፈተናው በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ፣ የዘፈኑን ቅጂ የያዘው ተማሪ በተገኘበት ነው።